አዘዞ ነህ ወይስ ፒያሳ? የአንድ ፕሮምፕት ጉዳይ ጥናት

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ስልኬ ጮኸ። የደወሉት ጎንደር አዘዞ ያለው የሰሊጥ መጋዘን ጸሐፊ ናቸው። እትዬ ነው የምንላቸው። «ልጄ፣ የዛሬ ጠዋቶቹ ደረሰኞች የሉም። የትናንቶቹም የሉም። ምን ነካክታችሁ ነው?» አሉኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ልጅ አየሁት። እጁ ከኪቦርዱ ተነስቶ አየር ላይ ቀርቷል። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ቴስቱ መስሎኝ ነበር።»

ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ስለሠራነው ሥራ ነው። ሰርቨር አልቀየርንም። ሶፍትዌርም አልገዛንም። የቀየርነው ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን በጽሑፍ በምናዝበት መስኮት ላይ፣ ትዕዛዝ ከመጻፋችን በፊት የምትመጣውን አጭር ጽሑፍ ነው፣ ፕሮምፕት የምንላትን። ሲያዩት የአምስት ደቂቃ ሥራ ይመስላል። እኛ ግን ደጋግመን ተሳስተን ነው የጨረስነው። ስሕተቶቹን በዝርዝር የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደግማቸው ብዬ ነው።

የነበረው ሁኔታ

ቢሯችን ጎንደር ፒያሳ ነው፣ ከፋሲል ግቢ ብዙ አይርቅም። ሦስት ሰዎች ነን። እኔ፣ ፕሮግራም የሚጽፈው ባልደረባዬ፣ እና ከተመረቀ ዓመት ያልሞላው ይህ ልጅ።

በመተማ መስመር የሚመጣው ሰሊጥ አዘዞ ይራገፋል። መኪናው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ እትዬ ደረሰኙን ስካን ያደርጉታል። ምስሉ እዚያው መጋዘኑ ቢሮ ውስጥ ወደተቀመጠ ሰርቨር ይገባል። ላይቭ ሰርቨራችን፣ ማለትም እውነተኛው ሥራ የሚሠራበት፣ እሱ ነው። እኛ ጋ ፒያሳ ደግሞ መንታው አለ፣ የቴስት ሰርቨር። አዲስ ነገር ስንሠራ መጀመሪያ የምንሞክረው እሱ ላይ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ሁለቱም ጋ ከርቀት በሚያስገባው በኤስኤስኤች፣ በአንድ ዓይነት የተጠቃሚ ስም ነው የምንገባው። የፎልደሮቹም ስም አንድ ነው።

ማሽኖቹን በተከልንበት ቀን በጥድፊያ ስም አወጣንላቸው፦ ኤስአርቪ01 እና ኤስአርቪ10። ኡቡንቱ ሲጫን ጀምሮ ይዞት የሚመጣው ፕሮምፕት የተጠቃሚውን ስም፣ የማሽኑን ስም፣ ያለህበትን ፎልደር፣ በመጨረሻም የዶላር ምልክት ያሳያል። ስሙ በአረንጓዴ፣ ፎልደሩ በሰማያዊ። እንግዲህ ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ልዩነታቸው የሁለት አሃዞች ቦታ መለዋወጥ ብቻ ነው። ዜሮ አንድ። አንድ ዜሮ።

የዚያን ቀን ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ መብራት ጠፋ። የልጁ ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው አልተዘጋም። ዋይፋዩ ግን ሄደ፣ የኤስኤስኤች መስመሮቹም አብረው ተቋረጡ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መብራት መጣ። ሁለቱንም መልሶ ከፈታቸው። ጠዋት ሲጀምር ግራው ታብ ቴስት፣ ቀኙ ላይቭ ነበር። ሲመልሳቸው ተገላበጡ። እጁ የለመደው ግራውን ነው። ለአዲስ ሙከራ የቴስቱን ፎልደር ባዶ ማድረግ ነበረበት። ግራው ታብ ላይ የስካን ፎልደሩን ይዘት በሙሉ የሚያጠፋውን የአርኤም ትዕዛዝ ጻፈና ኢንተር መታ። ትዕዛዙን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ ሼሉ፣ አልጠየቀውም። «እርግጠኛ ነህ ወይ» የሚል መስኮት የለም፣ ከቅርጫት ማንሳትም የለም። ፕሮምፕቱ ወዲያው ተመልሶ መጣ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ባክአፕ ነበረን፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ይወሰዳል። እስከዚያ ሰዓት ያለው ሁሉ ተመለሰ። የጠፋው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የገባው ነው፣ 47 ደረሰኝ። እትዬ ከክላሰሩ አንድ በአንድ እያወጡ እንደገና ስካን አደረጉት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጡበት፣ ምሳም አልወጡም። ማታ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ወረቀቱ ባይኖርስ ኖሮ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ልጁን አልተቆጣሁትም። «ከእንግዲህ ተጠንቀቅ» ልለው አስቤ ነበር፣ ተውኩት። ጥንቁቅ ልጅ ነው። ጥንቃቄ ግን ዓይን የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። አዘዞ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ መተማ። ሁለቱም መንገድ ላይ አንድ ዓይነት ታፔላ ቢተከል፣ መተማ የገባውን የባሕር ዳር ሾፌር ማን ይወቅሰዋል? ታፔላውን የተከልነው እኛ ነን።

ሦስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት

ከሰዓት በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ለመጻፍ ቁጭ አልን። ልጁ «ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው» አለ። ላፕቶፑ ለዚያው ጊዜ 9:30 ይላል። አዘዞ ሰርቨር ላይ ፎልደሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠው 06:31 ተብሎ ተመዝግቧል፤ ሰርቨሩ የሚሠራው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነውና። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ቅጽበት ነው። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ የአፍ አቆጣጠር ደግሞ ከዚያ 6 ይቀንሳል። ይህን እየደመርንና እየቀነስን ወረቀት ላይ ግማሽ ሰዓት አጠፋን።

የባሽ ሂስትሪ፣ ማለትም ሼላችን የሚይዘው የትዕዛዝ መዝገብ፣ አልረዳንም። ባሽ የጻፍከውን ትዕዛዝ ያስቀምጣል እንጂ፣ ካላዘዝከው መቼ እንደጻፍከው አይመዘግብም። ሂስትታይምፎርማት የሚባለውን ቫሪያብል (ሼሉ የሚያነበው፣ ስም ያለው ማስቀመጫ ነው) ከሞላህለት ነው ሰዓቱን አብሮ የሚይዘው። ይህን ያነበበ ሰው ሌላ ምንም ባያደርግ እንኳ ይህን ዛሬውኑ ያድርግ። ነገር ከተበላሸ በኋላ ቢሞሉት ያለፈውን አይመልስም።

ቀይ ቀለም፣ እና የጠፋው የመስመር መጀመሪያ

ፕሮምፕቱ የሚቀመጠው ፒኤስ1 በሚባል ቫሪያብል ውስጥ ነው። ስሙ የቆየ ነው። ስቲቨን ቦርን ቤል ላብስ ውስጥ የጻፈው ሼል ከሰባተኛው የዩኒክስ ቅጂ ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 ሲወጣ ፒኤስ1 ነበረ። ለተራ ተጠቃሚ የዶላር ምልክት፣ ሁሉን ማድረግ ለሚችለው ለሩት አካውንት ደግሞ የሐሽ ምልክት መሰጠቱም ከዚያው ዘመን ነው። የጎንደር ሰው ያን 1979ን አይረሳውም፤ ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበበት ነው። ዛሬ አብዛኛው የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ያለው ባሽ ደግሞ ብራያን ፎክስ ለግኑ ፕሮጀክት የጻፈው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ።

ባሽ ፒኤስ1 ውስጥ ባክስላሽ ያለባቸውን ፊደላት ይተረጉማል። ባክስላሽ ዩ የተጠቃሚው ስም ነው። ባክስላሽ ኤች የማሽኑ ስም። ትንሹ ደብሊው ያለህበትን ፎልደር ከነሙሉ መንገዱ፣ ትልቁ ደብሊው የመጨረሻውን ፎልደር ብቻ ያሳያል። ባክስላሽ ዶላር እንደ ሁኔታው ይቀየራል፤ ሩት ከሆንክ ሐሽ፣ ካልሆንክ ዶላር። ቀለም ደግሞ በእስኬፕ ኮድ ይገባል። የእስኬፕ ምልክት፣ ካሬ ቅንፍ፣ ቁጥር፣ ከዚያ ትንሿ ኤም። 31 ቀይ ፊደል ነው፣ 41 ቀይ ጀርባ፣ 0 ወደነበረበት መመለሻ። ቪቲ100 የተባለው ተርሚናል ራሱ ቀለም ባይኖረውም፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ከወጣ ወዲህ ዓለም የለመደው የኮድ አጻጻፍ ነው።

ልጁ በዚያው ምሽት የአዘዞውን ፕሮምፕት ቀይ ጀርባ ላይ ነጭ ፊደል አደረገው። ጥሩ ነበር። በማግስቱ ግን ረጅም ትዕዛዝ ስንጽፍ ጉድ ፈላ። ጽሑፉ ከመስኮቱ ጠርዝ ሲደርስ ወደ ቀጣዩ መስመር መውረድ ሲገባው እዚያው መስመር መጀመሪያ ላይ ተመልሶ በራሱ ላይ መጻፍ ጀመረ። ፕሮምፕቱን በላው። ቀጥሎ የትዕዛዙን መጀመሪያ በላው። ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ተጭነን የቀድሞ ትዕዛዝ ስናመጣ የግማሹ ፊደል ከሌላ ትዕዛዝ የቀረ ቅሪት ነው። ስክሪኑ ላይ የምታየውና ኢንተር ስትመታ የሚሄደው የተለያዩ ሆኑ። እኔ ይህን ስሕተት ከመጀመሪያው እኩል ነው የምፈራው። ሰውየው አዘዞ መሆኑን ያውቃል፣ የሚያዘውን ግን አያይም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ባሽ መስመሩን የት እንደሚያጥፍ ለማወቅ የፕሮምፕቱን ርዝመት ይቆጥራል። የቀለም ኮዶቹ ስክሪን ላይ ቦታ አይዙም፣ እሱ ግን ቦታ እንደሚይዙ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። «እነዚህን አትቁጠር» ማለት ያስፈልጋል። የሚባለውም እያንዳንዱን ኮድ በባክስላሽና በካሬ ቅንፍ በመክበብ ነው። ከኮዱ በፊት ባክስላሽና የካሬ ቅንፍ መክፈቻ፣ ከኮዱ በኋላ ባክስላሽና የካሬ ቅንፍ መዝጊያ። ሁለቱንም፣ ለሁሉም ኮድ፣ ለመመለሻው ዜሮም ጭምር። ልጁ መመለሻውን ረስቶት አንድ ቀን ሙሉ «አስተካክያለሁ» ሲል ነበር። ለማረጋገጥ ቀላሉ መንገድ ከመስኮቱ ስፋት የሚበልጥ ማንኛውንም ነገር መጻፍና ሲታጠፍ ማየት ነው።

የት እንደሚጻፍ

ለሁሉም ተጠቃሚ አንድ ቦታ ላይ ጽፈን ለመገላገል የማሽኑ ማስተካከያዎች በሚቀመጡበት ኢቲሲ ውስጥ ፕሮፋይል ነጥብ ዲ የሚባለው ፎልደር ውስጥ አስቀመጥነው። ስንገባ የድሮው አረንጓዴ ፕሮምፕት ጠበቀን። ፋይላችን ተነቧል፣ ግን ከእሱ በኋላ ባሽ ሲነሳ የሚያነበው የተጠቃሚው የራሱ የባሽአርሲ ፋይል ተነቦ ፒኤስ1ን እንደገና ሞላው። መጨረሻ የተናገረ ያሸንፋል። ስለዚህ የኛን መስመር እያንዳንዱ ሰው ባሽአርሲ ላይ፣ ከታች መጨረሻ ላይ ጻፍነው። ወደፊት ለሚፈጠር አካውንት እንዲደርስ ደግሞ ኢቲሲ ውስጥ ስኬል በሚባለው ፎልደር ያለውን አብነት አስተካከልን።

ሩትን ግን ረሳነው። ከሦስት ቀን በኋላ ሱዱ ሰረዝ አይ ብዬ ሩት ስሆን ቀዩ ጠፋ። ሩት የራሱ ቤት፣ የራሱ ባሽአርሲ አለው። በጣም አደገኛው ቦታ ላይ፣ ሁሉን ማጥፋት በምችልበት ሰዓት፣ ምልክቱ የለም ማለት ነው። ይህን ማንም ሰው ፕሮምፕት ሲሠራ በመጀመሪያ ሊያየው የሚገባ ነገር ይመስለኛል። እኛ በሦስተኛው ቀን አየነው።

በዚያው ሳምንት ሌላ ነገር ተበላሸ። ልጁ ወደ አዘዞ ስንገባ «ላይቭ ላይ ነህ፣ ቀስ በል» የሚል መልእክት እንዲወጣ የኤኮ ትዕዛዝ ባሽአርሲው አናት ላይ ጨመረ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሌሊት ግን ባክአፑ አልተወሰደም። ባክአፓችን አርሲንክ የሚባለው የፋይል መቅጃ ፕሮግራም በኤስኤስኤች ገብቶ ነው ፋይሎቹን የሚያመጣው። ከማዶ የሚጠብቀው የራሱን ንግግር ነው፣ የደረሰው ግን የልጁ ማስጠንቀቂያ ሆነ። «ሼልህ ንጹሕ ነው ወይ» የሚል ስሕተት ጽፎ ቆመ። የኡቡንቱ ባሽአርሲ ከላይ «ሰው ካልሆነ የሚያናግረኝ እዚሁ ላቁም» የሚል ፍተሻ አለው። ልጁ የጻፈው ከዚያ ፍተሻ በላይ ነበር። ማስጠንቀቂያው ራሱ ባክአፑን አስቀረብን ማለት ነው። ጠዋት ሎጉን ባላይ ኖሮ ስንት ሌሊት እንደሚያልፍ እግዜር ያውቃል። መልእክቱን አጠፋነው። ፕሮምፕት ብቻ ቀረ፣ እሱም ከፍተሻው በታች።

«ለኔ ሁለቱም ቡናማ ናቸው»

እስከዚህ ድረስ አዘዞ ቀይ፣ ፒያሳ አረንጓዴ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ባልደረባዬ ቡና እየጠጣን ሳለ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረኝ። «እኔ ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ለኔ ሁለቱም ቡናማ ናቸው።» ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ አላውቅም ነበር። ሥራውን ያለ ምንም ችግር ስለሚሠራ ማንም አልጠየቀውም። እኛ ደግሞ እሱን የማያድን መከላከያ ሠርተን ደስ ብሎን ነበር።

ያኔ ነው የጉዳዩ ዋና ነገር የገባኝ። ቀለሙ ረዳት ነው፣ መናገር ያለበት ቃል ነው። የትኛው ቃል? «ላይቭ» እና «ቴስት» ልንል ነበር። ከዚያ በአፋችን የምንለውን አዳመጥኩ። ማንኛችንም «ላይቩ ጋ ግባ» አንልም። «አዘዞ ግባና እየው» ነው የምንለው። «መጀመሪያ ፒያሳ ሞክረው» ነው የምንለው። እነዚህ ቃላት ሲነገሩ ቦታው ይታየኛል። አዘዞ ሲባል የመኪናው አቧራ፣ ሚዛኑ፣ የእትዬ ጠረጴዛ። ማጥፋት የሚለው ትዕዛዝ ከዚያ ስም አጠገብ ሲጻፍ እጅ ይከብዳል። ኤስአርቪ10 ሲባል ግን ምንም አይታየኝም።

እና በአማርኛ ጻፍነው። አዘዞ። ፒያሳ። በግዕዝ ፊደል።

ቀለሙንም አሻሻልነው። ቀይ ጀርባ ለአዘዞ ብቻ ቀረ። ፒያሳ ምንም ቀለም የለውም። ሁሉም ነገር ሲያሸበርቅ ዓይን ይለምደውና ማየት ያቆማል። ባዶና ቀይ ደግሞ ባልደረባዬም ይለያቸዋል፤ አንዱ ጀርባ አለው፣ አንዱ የለውም።

ፊደላችን ተርሚናል ውስጥ

አማርኛው ወዲያው አልሠራም። አዘዞ ሰርቨር ላይ ያ የመስመር መታጠፍ ችግር ተመልሶ መጣ፣ ቅንፎቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ሳለ። ጥፋቱ ከሎካሉ ነው፣ ለማሽኑ የቋንቋና የፊደል ደንብ ከሚነግረው ማስተካከያ። ሰርቨሩ ሲ በሚባለው የድሮ ሎካል ላይ ነበር፣ እሱ ደግሞ አንድ ባይት አንድ ፊደል ነው ብሎ ያምናል። የኢትዮጵያ ፊደል ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «አዘዞ» ለኛ ሦስት ፊደል፣ ለባሽ 9 ሆነ። ሎካሉን ሲ ዩቲኤፍ-8 ወደሚባለው ቀየርነውና ቆጠራው ተስተካከለ። የአማርኛ ሎካልም አለ። ግን የቀን አጻጻፍንም ስለሚለውጥ፣ ሎግ የሚያነቡ ስክሪፕቶቻችን እንዳይደናገሩ ብለን ተውነው።

ሁለተኛው ችግር ስፋት ነው። ተርሚናል እያንዳንዱን ፊደል አንድ ዓይነት ስፋት ባለው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል። የኛን ፊደል ከእንግሊዝኛው እኩል አንድ ሳጥን ይሰጠዋል። እንደ ዘ እና አ ያለው ሰፊ ፊደል ግን በልጁ ላፕቶፕ ፎንት አንድ ሳጥን አይበቃውም። ፊደላቱ ተደራርበው «አዘዞ» የተጨማደደ ነገር መሰለ። ፎንት ብንቀያይርም የእያንዳንዱን ላፕቶፕ ማስተካከል አይዘለቅም። መላው ቀላል ሆነ፤ በፊደላቱ መካከል ክፍት ቦታ ተውን። አ ዘ ዞ። ፒ ያ ሳ። የትም ቢከፈት ይነበባል። እንዲያውም ከርቀት ጎልቶ የሚታየው በዚህ አጻጻፍ ነው።

ጎህ ሲቀድ የሚለወጥ ቀን

ሰዓቱን ፕሮምፕቱ ላይ ማስገባት የእኔ ሐሳብ ነበር። ያ የመደመርና የመቀነስ ከሰዓት አልወጣልኝም። ባሽ የራሱ የሰዓት ምልክቶች አሉት፣ የሚሰጡት ግን የማሽኑን ሰዓት ነው። እኛ የፈለግነው እትዬ ስልክ ላይ የሚሉትን ሰዓት ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከዩቲሲ 3 እንቀድማለን፣ ከዚያ 6 እንቀንሳለን፣ ስለዚህ የአፍ ሰዓታችን ከዩቲሲ በ3 ወደ ኋላ ነው። የሰዓት ክልልን የሚወስነውን፣ ቲዜድ የሚባለውን ቫሪያብል ኢቲኤች3 ብትለው ይኸው ነው የሚሆነው። በዚህ አጻጻፍ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሰረዝ ከሌለው ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው። ዴት የሚባለውን ትዕዛዝ በዚህ ቲዜድ፣ በ12 ሰዓት አቆጣጠር ስታስጠራው 06:31 የነበረው 03:31 ይላል። ሌሊት ስድስትም ስድስት ይላል። ሌላ ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁበት፦ በዚህ ስሌት ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ጎህ ሲቀድ ነው። እናቶቻችን ቀን የሚቆጥሩት እንዲህ ነው። ይህን ሳይ ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቲዜድን ለዚያ አንድ የዴት ጥሪ ብቻ ነው የምትሰጠው። ለሼሉ በሙሉ ከሰጠኸው ከዚያ የሚነሳ ፕሮግራም ሁሉ ሎጉን በተሳሳተ ሰዓት ይጽፋል።

መጀመሪያ የጻፍኩት ፕሮምፕት ቀኑን ሙሉ 08:12 ሲል ዋለ። ፒኤስ1ን በድርብ ጥቅስ ከበብኩት። ድርብ ጥቅስ ውስጥ ያለውን ትዕዛዝ ባሽ እዚያው ያስፈጽመውና ውጤቱን ያስቀምጣል፣ ሰዓቱም በዚያች ደቂቃ ይደርቃል። ነጠላ ጥቅስ ከሆነ ግን ፕሮምፕቱ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ያሠራዋል። እና ፕሮምፕቱ ላይ የምታየው ሰዓት ያለፈው ትዕዛዝ ያለቀበት ነው እንጂ አሁን የምትጽፈው የሚጀምርበት አይደለም። ሳይነኩት ሰዓት ከቆየ ያው የቆየውን ሰዓት ነው የሚያሳየው።

የጨመርነውና የጣልነው

ልጁ የጊት ብራንች (የምንሠራበትን የኮድ ቅርንጫፍ ስም)፣ የማሽኑን ሙቀት፣ የዲስክ መጠን ሁሉ ሊያስገባ ፈልጎ ነበር። ጊቱን ሞከርነው። ትልቅ ፎልደር ውስጥ ኢንተር በመታህ ቁጥር ፕሮምፕቱ እስኪመጣ ትጠብቃለህ። የሚያዘገይ ፕሮምፕት ሰውን ያበሳጫል፣ የተበሳጨ ሰው ደግሞ ያጠፋዋል። ጣልነው። በመጨረሻ የቀረው ይህን ይመስላል፦

03:31 አ ዘ ዞ ስካን $

ሰዓት፣ ቦታ፣ ፎልደር፣ ምልክት። ያለፈው ትዕዛዝ ካልተሳካ ደግሞ የስሕተት ቁጥሩ ከዶላሩ በፊት ይወጣል። ይህን ፈንክሽን ውስጥ ስትጽፈው የመጀመሪያው መስመር ቁጥሩን መያዝ አለበት፤ ሌላ ነገር ቀድሞ ከሠራ የምታገኘው የዚያን ውጤት ነው።

ፕሮምፕት ማንንም አያስቆምም። ይህን ከሠራን በኋላ አዘዞ ላይ የዕለት አካውንታችን ስካን ፎልደር ውስጥ ማጥፋት እንዳይችል አደረግን። ባክአፑም በየሰዓቱ ሆነ። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ውስጥ ስትገባ ደግሞ የሼሉ ፕሮምፕት አይታይም፣ ማዘዣው ፒኤስኪውኤል የራሱ ፕሮምፕት አለው። ፕሮምፕት1 በሚባለው ቫሪያብሉ ያንኑ «አ ዘ ዞ» ሰጠነው። አንድ ሰው ከሼል ወጥቶ ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ ስሙ ከተለወጠበት ግማሽ ሥራ ነው።

የከተራ ዕለት

የቀረው የአዘዞው ሰርቨር የራሱ ስክሪን ነበር። መጋዘኑ ቢሮ ውስጥ ማሽኑ ላይ የተሰካ አሮጌ ሞኒተር አለ፣ ያለ ምንም መስኮት ጥቁር ኮንሶል ብቻ። እዚያ የኛ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው። የሊኑክስ ኮንሶል ፎንት ከ512 በላይ ቅርጽ መያዝ አይችልም፣ ስለዚህ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል አይዝም። ግን ኮንሶል ሴትአፕ የሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ለኢትዮጵያ ፊደል የተዘጋጀ ፎንት አለ። ስሙ ጎሃ ነው። በቢሯችን መስኮት ኮረብታው ላይ ጎሃ ሆቴል ይታያል፣ ልጁ ስሙን ሲያነብ ብድግ ብሎ ወደዚያ አመለከተ። ጎሃን መረጥን። ቀይ ላይ «አ ዘ ዞ» ብሎ ቁልጭ አለ። እትዬ ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው አነበቡት። ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ ያነበቡት የመጀመሪያ ቃል ነው። ማየት እንጂ መለወጥ የማይችል ትንሽ አካውንት ከፈትንላቸው።

ጥር 10፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አዘዞ መብራት ጠፍቶ መጣ። መጋዘኑ ግማሽ ቀን ክፍት ነው። እኔ ፒያሳ ሆኜ ልገባ ብሞክር መስመር የለም። መንገዱ ሁሉ ወደ ፋሲል መዋኛ በሚወርድ ሰው ተሞልቷል፣ ባጃጅ አይታሰብም። ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ ስክሪኑ ላይ ይግቡልኝ።»

ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን በአንድ ጣት እየፈለጉ ሲመቱ ሰማሁ።

«ምን ይላል?»

«አምስት ከሃያ ይላል። ቀዩ ላይ አዘዞ ይላል።»

«የእጅ ሰዓትዎስ?»

«አምስት ከሃያ።»

ማሽኑ ተነስቷል። ሰዓቱም አልተዛባም። እንግዲህ ችግሩ ከመስመሩ ነው። ግድግዳው ላይ ካለችው ነጭ ሣጥን ሰማያዊውን ገመድ ነቅለው መልሰው እንዲሰኩት ነገርኳቸው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ሰማሁ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። እንደገና ሞከርኩ። ፒያሳ ካለው ላፕቶፔ ላይ ቀይ ጀርባ መጣ፣ 05:26 አ ዘ ዞ።

«ገባህ?»

«ገባሁ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«በል እንግዲህ» አሉ፣ «ታቦቱ ሳይወጣ ልድረስ።»